መቀስ ታጥቄ ሚዛን ላይ የወጣሁ ቀን

ሚዛኑ ትምህርት ቤታችን የገባው ጥቅምት ላይ ነው። ሰማያዊ ነው፤ ከኋላው ቁመት የሚለካ ረጅም ብረት ቆሞበታል። ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ዳይሬክተሩ ማይክ ይዞ፣ "ከእንግዲህ ሕግ ነው" አለ። ማንኛውም ትምህርት ቤት የተማሪውን ቁመትና ክብደት በዓመት አራት ጊዜ እየለካ ለበላይ ሪፖርት ያደርጋል። ክብደቱ የቀነሰ ተማሪ ከተገኘ ደግሞ ወላጅ ተጠርቶ ይጠየቃል።

ከኋላዬ አንዷ "በቃ፣ በግ ተራ ገባን" ስትል ሰልፉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። የሳቅሁት "ወላጅ ይጠራል" የሚለው ነገር በደንብ ስላልገባኝ ነው። ሲገባኝ ሳቄን አቋረጥኩ።

ደሴ ከገባሁ ገና አንድ ወር ቢሆነኝ ነው። ከዚያ በፊት ኮምቦልቻ ከአባቴ ጋር ነበርኩ። እናቴ አረብ አገር ከሄደች ጀምሮ የስልክ ውስጥ ሰው ሆናለች። አባቴ ደረቅ ወደብ ላይ ጭነት ያወርዳል። ሰው ጉልበቱን እዚያ ጨርሶ የሚመጣ ይመስለዋል። አይጨርስም! ለእኔ የሚሆን ሁልጊዜ ይተርፈዋል። ቀበቶውን ሲፈታ ዘለበቱ "ቅጭል" ይላል። ሻይ ቀዘቀዘ፣ ቅጭል። በር ለመክፈት ዘገየሁ፣ ቅጭል። ዝም ብዬ ተቀምጬ ከተገኘሁም "ምን አስበሽ ነው?" ይልና ቅጭል። አንድ ጊዜ ዘለበቱ ጆሮዬ ሥር አረፈና ሦስት ቀን ሙሉ በቀኝ ጆሮዬ ፋብሪካ ሲሠራ ስሰማ ሰነበትኩ።

አክስቴ፣ የአባቴ ታናሽ እህት፣ ለመውሊድ ስትመጣ ያንን ጆሮዬን አየችው። ደሴ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ልብስ ሰፊ ናት። ከባሏ ተፋትታለች፣ ልጅ የላትም። በማግስቱ ልትሄድ ስትል ጫማዋን እያጠለቀች፣ "ጋሼ፣ እቺን ልጅ ለትምህርት ስጠኝ" አለችው። "ስለምትደበድባት" ብትል ኖሮ እዚያው ሁለታችንንም ይጨርሰን ነበር።

አባቴ ብዙ አሰበ። ከዚያ ጣቱን ግንባሯ ላይ ሊደርስ ዘርግቶ፣ "ውሰጃት። ግን አንዲት ስሞታ ብትደርሰኝ፣ በነጋታው የሐረጎን ዳገት ወጥቼ በጸጉሯ እየጎተትኩ ነው የማወርዳት" አለ።

የመጣሁት እንግዲህ በዚህ ውል ነው። አንዲት ስሞታ።

አክስቴ ቤት በገባሁ በሦስተኛው ቀን ሳህን ከእጄ አምልጦ ተሰበረ። ሁለት እጄን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ አልኩ። አክስቴ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ብላ አየችኝና፣ "ምነው? ሳህኑ የወደቀው ራስሽ ላይ ነው እንዴ?" አለች። ከዚያ መርገጧን ቀጠለች፣ ተር ተር ተር። አለቀ! ሌላ ምንም የለም! ሌሊቱን ሳህን ተሰብሮ ያልተመታሁበት ቤት ውስጥ ተኛሁ።

ወደ ሚዛኑ ልመለስ። የሚመዝነን ስፖርት አስተማሪያችን ነበር። ሰውየው ድምፁ ከኳስ ሜዳ የመጣ ስለሆነ የእያንዳንዳችንን ኪሎ ለትምህርት ቤቱ ብቻ ሳይሆን ለሰፈሩ ነበር የሚያውጀው። እኔ ወጣሁ።

"ሠላሳ ዘጠኝ!"

"ቲቸር፣ ከነጫማዋ ነው?" አለች ከሰልፉ መሃል አንዲት ልጅ። የቄስ ልጅ ናት፣ ግዙፍ፣ ጉንጫም። "አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት አሉ። ልጅቷን ትታ ክሩን ልካ ይሆናል!"

ክር ተባልኩ። ተራዋ ደርሶ እሷ ስትወጣ "ሰባ ሁለት!" ተባለ። እኔ ደግሞ ዝም ማለት የሚባል ነገር ኮምቦልቻ ትቼው መጥቻለሁ። "ቲቸር፣ በሁለት ዙር ይመዝኗት! ሚዛኑ የመንግሥት ንብረት ነው!" አልኩ።

ከትምህርት በኋላ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ጠበቀችኝ። እዚያ የሆነውን አሁን ስጽፈው እንኳን እጄን ይበላኛል። መጀመሪያ ሂጃቤን ይዛ አንገቴን አጠፈችው። እኔ በጉልበቴ ሆዷን። እሷ በቡጢ አፍንጫዬን። ደሜ ነጭ ሸሚዟ ላይ ሲረጭ እሷው ናት የጮኸችው። ከዚያ ጣለችኝና ተቀመጠችብኝ። ሰባ ሁለት ኪሎ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ ትንፋሼ በጆሮዬ ወጣ። ክንዷ አፌ አጠገብ ሲደርስ ነክሼ ያዝኩት፤ አለቅም አልኩ። ጭንቅላቴን ከመሬቱ ጋር ታጋጨዋለች፣ እኔ እነክሳለሁ። ዘበኛው በባልዲ ውሃ ደፍቶ ለያየን።

በማግስቱ እሷ ክንዷን በፋሻ ጠቅልላ፣ እኔ ከንፈሬ ቲማቲም አክሎ መጣን። አጠገቤ ተቀመጠችና ኪሷ ውስጥ ካለው ቆሎ ግማሹን እጄ ላይ አፈሰሰችልኝ። "አጥንትሽ መቀመጫዬን ወግቶኝ ሌሊቱን በሆዴ ተኛሁ" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ እሷ መንገድ ሄጄ አላውቅም።

ጥር ላይ ስንመዘን አርባ ሦስት ሆንኩ። አራት ኪሎ! አክስቴ ስነግራት መኪናዋን አቁማ እልል አለች፤ ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ መጣ። እኔም አንድ ነገር አሰብኩ። ይሄ ቁጥር እንዳይወርድ። ቢወርድ ወላጅ ይጠራል፣ ወላጄ ደግሞ ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ስመዘገብ ስልኩን ያስመዘገበው እሱ ነው።

ሦስተኛው ልኬት መጋቢት ላይ ዋለ። በዚያ ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም አብረው ነው የገቡት። ዳይሬክተሩ ጾመኛ፣ ስፖርት አስተማሪው ጾመኛ፣ ዘበኛው ጾመኛ። ክፍላችን ውስጥ እኛ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪል እንጠብቃለን፣ እነሱ ዘጠኝ ሰዓትን ይጠብቃሉ፤ መምህሩ ሲያስተምር የሚሰማው የሆድ ድምፅ ብቻ ነበር። እና ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል "ይሄ ምዘና ከፋሲካና ከዒድ በኋላ ይሁን" ያለ አንድ ሰው የለም! ሁሉም ስለጾመ ጾሙ ለማንም አልታየውም። ቀኑ ደረሰ፣ ሕግ ነው፣ ይመዘን ተባለ።

እኔ ግን ቀሚሴ ወገቤ ላይ አልቆም ማለቱን አውቃለሁ። በዋዜማው ከጓደኛዬ ጋር መከርን።

"ውሃ ጠጥተሽ ውጪ። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው" አለች።

"ጾም ይዣለሁ እኮ!"

"እሺ ድንጋይ ኪስሽ ክተቺ።"

"ሲንቀጫቀጭ ይሰማል።"

ከዚያ ሁለታችንም የአክስቴን መቀስ አየን። የድሮ የልብስ ሰፊ መቀስ ነው፣ ጥቁር ብረት፣ ክንዴን ያክላል፤ አክስቴ ካኪ ስትቆርጥበት ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። ጠዋት አክስቴ ጨርቅ ልትገዛ ፒያሳ ስትወጣ ጠብቄ፣ በቁራጭ ጨርቅ ጭኔ ላይ አሰርኩት። ቀሚሴ ሰፊ ነው፣ አይታይም። ትምህርት ቤት እስክደርስ እንደ ቆሰለ ወታደር እያነከስኩ ሄድኩ።

ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። መርፌው ተወዛወዘና አርባ ሁለት ተኩልን አልፎ ወደ አርባ ሦስት ተጠጋ። ያረቢ! ስፖርት አስተማሪው ሊጽፍ እስክሪብቶውን አነሳ። ከዚያ፣ "ቁመትሽን ደግሞ እንይ። ቀጥ በይ። በደንብ ተለጠጪ!" አለኝ።

ተለጠጥኩ። ቋጠሮው ተፈታ።

መቀሱ በጫፉ ነው የወረደው። ስፖርት አስተማሪው የሸራ ጫማ ነው ያደረገው። የሰማሁት ድምፅ ሐብሐብ በቢላ ሲወጋ የሚሰማው ዓይነት ነው። መቀሱ የእግሩ ጣት አጠገብ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ነጩ ሸራ ቀስ እያለ ቀላ። ስፖርት አስተማሪው ጮኸ፤ እንደዚያ ዓይነት ጩኸት ከወንድ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ በጥፊ ከሚዛኑ ላይ አነሳኝ።

"ልትገይኝ ነው! መቀስ ታጥቃ ልትገለኝ ነው የመጣችው!"

ቢሮ ተወሰድኩ። ያለ መቀስ ድጋሚ ተመዘንኩ፤ አርባ አንድ። ዳይሬክተሩ ፊቴ ስልኩን አንስቶ ደወለ። "ልጅዎ መቀስ ይዛ መጥታ መምህር አቁስላለች" አለ። ቀጥሎ ደግሞ ወረቀቱን እያነበበ፣ "በተጨማሪም ክብደቷ ቀንሷል፤ ያለችበት ቤት በቂ ምግብ እያገኘች ስለመሆኑ ቀርበው ማብራሪያ እንዲሰጡ" አለ። ስልኩ ጆሮው ላይ እያለ የአባቴን ድምፅ እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ ሰማሁት።

"ነገ ጠዋት እዚያ ነኝ።"

ያን ዕለት ከክፍላችን ከአራት ልጅ በቀር ሁሉም ወላጅ ጥራ የሚል ወረቀት ይዞ ወጣ። ጓደኛዬም ይዛለች። ሦስት ኪሎ ቀንሳ በደስታ ልትሞት ነው፤ የእኔን ፊት ስታይ ደስታዋን ዋጠችው።

አክስቴ ጾሜን እስካፈጥር ጠበቀችኝ፣ ከዚያ ሁሉን ነገርኳት። አልጮኸችም። "መቀሴ የት አለ?" ብቻ አለች።

"ዳይሬክተሩ ጋ።"

"እና ነገ በጥርሴ ልቁረጥ?" አለችና ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። "ወላሂ አንቺን ከወሰደ እኔ እዚህ ቤት አልቀመጥም" አለች።

በነጋታው ጊቢው ቁጣ በቁጣ ነበር። ወረቀት የደረሰው ወላጅ ሁሉ መጥቷል። "እኔ ልጄን አስርባለሁ? እኔ?" እያሉ እናቶች ቢሮውን ከበውታል። አንዷ ሴትዮ ስፖርት አስተማሪውን፣ እሱ ደግሞ ምስኪን እግሩን ጠምጥሞ በአንድ ጫማ ቆሟል፣ ጃንጥላዋ እስኪሰበር ደበደበችው። አንድ አባት ሚዛኑን በእርግጫ ብሎ ጣለው፤ የቢሮው መስኮት ረገፈ። የጓደኛዬ አባት ቄሱና የአንድ ክፍል ጓደኛችን አያት የሆኑ ሸህ በር ላይ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ "ተው! ተው በጾም ምድር!" ይላሉ። ሰሚ የለም።

አባቴ በዚያ ሕዝብ መሃል እንደ ጭነት መኪና ሰንጥቆ ገባ። መጀመሪያ ያየው አክስቴን ነው። ሰላምታ የለ፣ ጥያቄ የለ። በቡጢ ጉንጯን አላት። ደረጃው ላይ ወደቀች፤ ስትወድቅ እጇን ስትመረኮዝ የቀኝ አመልካች ጣቷ ወደኋላ ሲታጠፍ አየሁት። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚለውን አለ። እሱ በእግሩ ጎኗን ደገማት።

"ልጄን በረሃብ ልትገይብኝ ነው የወሰድሽብኝ!"

"ጾም ነው ጋሼ! ጾም ነው!" ትላለች እሷ። አይሰማትም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። እንደዛተው ሂጃቤን ገፍፎ ጸጉሬን ያዘኝ። ወደ በሩ ሲጎትተኝ የባንዲራው ዘንግ አጠገብ ደረስን፤ ዘንጉን በሁለት እጄ አቀፍኩት። ጎተተ፣ አልለቅም። ጸጉሬ ከሥሩ ሲነቀል ይሰማኛል፣ አልለቅም። ቅጭል። ቀበቶው ጀርባዬ ላይ፣ እግሬ ላይ፣ አንዳንዴ ስቶኝ ብረቱ ላይ ያርፋል። እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ "አልሄድም! አልሄድም! አልሄድም!"

እነዚያ ዳይሬክተሩን ሊገድሉ የመጡ እናቶች በአንድ ጊዜ ዞሩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው የወረዱበት። በጫማ፣ በቦርሳ፣ በተሰበረው ጃንጥላ። ጓደኛዬ ቀበቶውን ከእጁ ነጥቃ በአጥሩ ላይ ወደ ጎዳና ወረወረችው። አባቴ ቅንድቡ ተፈንክቶ ተንበረከከ።

ሸሁ ሰው እየገፉ መጡና ፊቱ ቆሙ። ሽማግሌ ናቸው፣ ድምፃቸው ግን አልሸመገለም።

"አንተ! ጾመኛ ነህ?"

"ነኝ" አለ አባቴ፣ ደሙን በእጁ ጀርባ እየጠረገ።

"ይቺ ልጅስ?"

"...ናት።"

"እና የጾመች ልጅ ኪሎ ብትቀንስ እህትህ ምን ታድርግ? በቀትር ታጉርሳት?"

ዳይሬክተሩ በእጁ የያዘውን የሪፖርት ክምር አየው፣ እኛን አየን፣ ከዚያ ደረጃው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ቄሱ፣ "እኔም እኮ ሌሊቱን ሙሉ ባለቤቴን ስጠይቅ ነው ያደርኩት፤ 'ልጅቷን ምን አደረግሻት' እያልኩ። ራሴ 'ጹሚ' ብዬ!" አሉ። አንድ ሰው ፈነዳ፤ ከዚያ ሁሉም። በደም መሃል፣ በተሰበረ መስታወት መሃል ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ስፖርት አስተማሪው ራሱ በአንድ እግሩ ቆሞ ሳቀ። ልኬቱ ተሰርዞ ከሁለቱ በዓላት በኋላ እንዲደገም እዚያው ተወሰነ።

አባቴ አልሳቀም። ተነሳና፣ "የሆነ ይሁን። ልጄ ናት፣ ትወርዳለች" አለ።

ሳቁ ቆመ። ሸሁና ቄሱ ተያዩ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ ይዘውት ጊቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር አስቀመጡት። እኔንም ጠሩኝ። አክስቴ የተሰበረውን ጣቷን በሌላ እጇ ጨብጣ ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች።

"ልጄ፣" አሉ ቄሱ፣ "ለምንድን ነው ከአባትሽ ጋር የማትወርጂው? ሳትፈሪ ተናገሪ።"

አባቴን አየሁት። ዓይኑ "ንገሪያቸውና ታያለሽ" ይላል። ይሄንን ነገር ለእናቴ እንኳን በስልክ ነግሬያት አላውቅም፤ ሁልጊዜ "ደህና ነን" ነው የምላት።

"ይመታኛል" አልኩ።

አባቴ ከተቀመጠበት ተወርውሮ በጥፊ አጮለኝ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች መሃል። ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ደሙን ከምራቄ ጋር ተፋሁትና ቀና ብዬ ደገምኩት።

"ይመታኛል።"

ሸሁ ሌላ ምስክር አልፈለጉም። የአባቴን እጅ በአየር ላይ ያዙት፣ እስኪወርድ ድረስ ያዙት። "በያዝከው ጾም ማልልኝ" አሉት። "ትምህርቷን እስክትጨርስ ከእህትህ ጋር ትቀመጣለች። እጅህን አታነሳባትም። ማል።" እምቢ አለ። ቄሱ፣ "እንግዲያው አብረን እዚህ እንውላለን። እኔም የምሄድበት የለኝም" ብለው ጋቢያቸውን አነጠፉ። የዛፉ ጥላ ሸሽቶ ፀሐይዋ ራሳቸው ላይ ወጣች። የቀትሩ የዙህር አዛን ተሰማ፤ ሸሁ ለሶላት ሲነሱ አባቴንም አስነሱት፣ ሰግደው ተመለሱ። ከሶላቱ ሲመለስ ድምፁ ተሰብሮ ማለ። ሲምል አላየኝም፤ የአክስቴን ጣት ነበር የሚያየው።

"ተሰብሯል?" አላት።

"ስፌቴን የምይዝበት ነው" አለችው። ወጌሻ ጋ ልውሰድሽ ሲላት፣ "ከአንተ ጋር አልሄድም" ብላ ከጓደኛዬ እናት ጋር ሄደች።

እኔ ግን መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ጓደኛዬ ሃያ እርምጃ ከኋላችን ሆና ትከተለናለች። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ መስኮት ጋ ተቀመጠ፤ ያለ ቀበቶ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ። ሹፌሩ ሞተር ሲያስነሳ መስታወቱን ገፋ አደረገና እንደተቆጣ፣ "ብይ እሺ!" አለኝ።

"መግሪብ ሲል" አልኩት።

ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋው። ሚኒባሱ ወደ ሐረጎ ሲታጠፍ ከንፈሬን ዳሰስኩት፣ ደርቋል። ጓደኛዬ ደርሳ ክንዷን ትከሻዬ ላይ ጣለችና፣ "ምን አለሽ?" አለችኝ። ነገርኳት። መንገድ ዳር ቆመን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ከዚያ ወደ ቧንቧ ውሃ ሮጥን፤ ለነገ የተቀጠረ የሰው ልብስ አለ፣ አክስቴ ደግሞ የአንድ እጅ ሰው ናት፣ መርገጫውን የምረግጥላት እኔ ነኝ።